የመጪውን የስትራይፐር ዓሣ ወቅት ሲተነብዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀልባው ገና በሸራ ተሸፍኖ፣ ዘንጉ ጓዳ ተሰቅሎ ሳለ ነው ትንቢቱ የሚጀምረው። አንዱ “ዘንድሮ ዓሣው ቀድሞ ይገባል” ሲል ሌላው “እንኳን ቀድሞ፣ ከነጭራሹም አይገባ” ይላል። ወሬ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን የእረፍት ቀን የሚያዘው፣ ጀልባ የሚከራየው፣ መንጠቆና ክር የሚገዛው በዚሁ ግምት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ለሚኖር አበሻ አጥማጅ የፖቶማክ ወንዝ ማጥመጃዎቹ ፍሌቸርስ ኮቭና ሄይንስ ፖይንት ቅርብ ናቸው፤ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ (“ቤዩ”) ዳር ያለው ሳንዲ ፖይንትም የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

ዓሣው ስሙ ብዙ ነው። መዝገብ ላይ ስትራይፕድ ባስ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሮክፊሽ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ደግሞ ስትራይፐር ይባላል። በጎኑ ከሚሄዱት ሰባት ስምንት ጥቋቁር መስመሮች ይለያል። እንደ ሐዋሳ ቀረሶ እዚያው ተፈልፍሎ እዚያው አያረጅም። እንቁላሉን ጨው በሌለው ወንዝ ይጥላል፣ በባሕረ ሰላጤው ያድጋል፣ ከዚያ በተለይ ሴቷ ወደ ውቅያኖስ ወጥታ እስከ ሜይን ድረስ ትጓዛለች። ዕድሜው እስከ 30 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ትንቢት የሚበላሸው እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ጉዞውና ዕድሜው፣ ሲዘነጉ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጫጩት ቆጠራውን ለቀጣዩ ጸደይ ማዋል

በብዛት የሚሠራውም፣ ብዙ ኪሳራ የሚያመጣውም ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር የዚያን ዓመት የዓሣ ጫጩቶች ይቆጥራል። በላይኛው ቤይ፣ በቾፕታንክ፣ በናንቲኮክና በፖቶማክ ወንዞች ባሉ 22 ቦታዎች 100 ጫማ የሚረዝም መረብ ወደ ዳር ይጎተታል፤ በድምሩ 132 ጊዜ። በአንድ ጉተታ በአማካይ የሚገኘው የጫጩት ብዛት የዓመቱ መለኪያ ይሆናል። የረጅም ዘመኑ አማካይ 11 አካባቢ ነው።

ለ2024 የተመዘገበው 2.0፣ ለ2025 ደግሞ 4.0 ነበር። “በእጥፍ አድጓል፤ መጪው ወቅት ይሻላል” የሚለው ድምዳሜ ወዲያው ይከተላል። አንደኛ፣ 4.0 ከአማካዩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ በ2025 የተቆጠረው ጫጩት በ2026 ጸደይ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ቢያዝም ወደ ውኃው ይመለሳል እንጂ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አይገባም።

ትክክለኛው ስሌት ወደ ኋላ መቁጠር ነው። መጀመሪያ በሚያጠምዱበት ቦታ ለመያዝ የሚፈቀደውን ርዝመት ይለዩ። በ2024 በወጣው ደንብ በቼሳፒክ ቤይ ከ19 እስከ 24 ኢንች፣ በውቅያኖሱ ዳርቻ ከ28 እስከ 31 ኢንች ነው፤ በሁለቱም ቦታ በቀን አንድ ዓሣ። ቀጥሎ ርዝመቱን ወደ ዕድሜ ይለውጡ፦ 19–24 ኢንች በግምት ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ 28–31 ኢንች በግምት ከ7 እስከ 9 ዓመት ነው። ከዚያ ዕድሜውን ከወቅቱ ዓመት ቀንሰው የተወለደበትን ዓመት ቁጥር ይፈልጉ።

ለ2026 ሲሰላ በቤዩ ውስጥ የሚጠበቁት የ2021፣ የ2022 እና የ2023 ልጆች ናቸው። ቁጥራቸው በቅደም ተከተል 3.2፣ 3.6 እና 1.0 ነው። ሦስቱም ደካማ ዓመታት ስለሆኑ በቤዩ ዳር ባለችው አናፖሊስ አካባቢ በርካታ ሰዓት ቆሞ አንድ የሚያዝ (ርዝመቱ የሚፈቀድ) ዓሣ ማግኘት ቢያቅት የአጥማጁ ጥፋት ላይሆን ይችላል። በውቅያኖሱ ዳርቻ ደግሞ የሚጠበቁት የ2017 (13.2)፣ የ2018 (14.8) እና የ2019 (3.4) ልጆች ናቸው። የ2018ቹ በ2026 ስምንት ዓመት ስለሚሞላቸው ልክ የሚፈቀደው ርዝመት ላይ ናቸው። ታዋቂዎቹ የ2015 ልጆች (24.2) አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብዛኞቹ ከ31 ኢንች አልፈዋል። ይያዛሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ይለቀቃሉ።

ስለዚህ የሮድ አይላንዱ አጥማጅ “ወቅቱ ጥሩ ነው”፣ የአናፖሊሱ “ምንም የለም” ቢሉ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። የዳርቻው ሰውም ብዙ አይዝናና፦ በ2027 የ2018ቹ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ከገደቡ መውጣት ሲጀምሩ፣ ከኋላቸው የሚመጡት የ2019 እና የ2020 (2.5) ልጆች ናቸው።

ይህ ስሌት የአንድ ዓመት ግራ ቀኝ ስህተት አለው። ወንዱ ከሴቷ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በዳርቻው የሚያዘው ዓሣም ሁሉ የቼሳፒክ ልጅ አይደለም፣ ከሃድሰንና ከዴላዌር ወንዞችም ይመጣል። በተለይ ለኒው ዮርክና ለኒው ጀርሲ የሜሪላንድን ቁጥር ብቻ ይዞ መተንበይ ግማሽ ሥራ ነው።

ትልልቅ ዓሣ ስለበዛ ሀብቱ ደህና ነው ማለት

ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ፎቶ ሁሉ 40 ኢንች ነው። ትንሽ ዓሣ የያዘ ፎቶ አይለጥፍም፤ ባዶ እጁን የተመለሰማ ጭራሽ ድምፁ አይሰማም። ግን ፎቶው እውነት ቢሆን እንኳ፣ አዛውንት በዝተው ሕፃን የጠፋበት መንደር ወደፊቱ ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል።

ይህ ስህተት ከዚህ በፊት በትልቁ ተሠርቷል። በ1970 እጅግ ብዙ ጫጩት ተፈለፈለ። እነሱ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በ1973፣ የነጋዴ አጥማጆች ምርት ወደ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ሁሉም ዓሣው ሞልቷል አለ። ከኋላቸው ግን ተተኪ አልነበረም። በ1983 ምርቱ 3.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ላይ ወደቀ፤ ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ዘግታ እስከ 1990 አልከፈተችም። ሀብቱ አገግሟል የተባለው በ1995 ነው። ከዚያ ወዲህም በ2019 የወጣው ግምገማ ዓሣው እንደገና ከሚፈለገው መጠን በታች መውረዱን አሳይቷል፤ የአትላንቲክ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ኮሚሽን መልሶ ለመገንባት የያዘው ቀነ ገደብ 2029 ነው።

አንድ ትልቅ ትውልድ ለጥቂት ዓመታት ጉድለትን መሸፈን ይችላል። የሚያዘው ዓሣ በየዓመቱ በአማካይ እየረዘመ፣ ከ18 ኢንች በታች ያለው ደግሞ እየጠፋ ከሄደ፣ ትንቢትዎ ላይ “ይቀንሳል” ብለው ይጻፉ።

በቀን መቁጠሪያ መሄድ፣ ውኃውን አለመለካት

“ባለፈው ዓመት ኤፕሪል 12 ነው የገባው” የሚል ትንቢት ዓሣው ካላንደር ያነባል ብሎ የማመን ያህል ነው። የቀኑ መርዘም ድርሻ ቢኖረውም፣ ወንዝ የመውጣቱንና እንቁላል የመጣሉን ሰዓት በዋናነት የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። እንቁላል የሚጣለው በግምት ውኃው ከ57 እስከ 68 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን ነው፤ በቼሳፒክ ገባር ወንዞች ይህ ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ ባለው ጊዜ ይወድቃል። በሁለት ዓመታት መካከል የሳምንትና የሁለት ሳምንት ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው።

አየሩን ከውኃው ጋር ማምታታትም እዚሁ ይመደባል። ማርች ላይ አየሩ ለሁለት ቀን 75 ዲግሪ ቢሆን ቲሸርት ያስለብሳል እንጂ ቤዩን አያሞቅም። በአንጻሩ ጥልቀቱ ሦስት አራት ጫማ የሆነ፣ ጭቃው ጥቁር የሆነ ጥግ ከሰዓት በኋላ ከዋናው ውኃ በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። አንድ ሰው ጠዋት ጥልቁ ላይ፣ ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥጉ ላይ ለክተው ቢከራከሩ አይስማሙም።

አለካኩ እንዲህ ይሁን። ኖኣ የተባለው የአሜሪካ የባሕርና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በቤዩ ላይ ካቆማቸው ተንሳፋፊ መለኪያዎች ለሚያጠምዱበት ቦታ የሚቀርበውን ይምረጡና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ ቁጥሩን ይመዝግቡ። የአንድ ቀንን ትተው የሦስት ወይም የአምስት ቀን አካሄድ ይዩ፤ 54 ሆኖ እየወጣ ያለ ውኃና 58 ደርሶ እየወረደ ያለ ውኃ አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ የወንዙን ፍሰት ይጨምሩ። ሰሜን ላይ ዝናብ ከጣለ ወይም በረዶ ከቀለጠ ከኮኖዊንጎ ግድብ በታች የሳስኮሃና ወንዝ ደፍርሶና ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ የላይኛው ቤይ ትንቢትዎ በዚያው ልክ መገፋት አለበት። እንጨትና ግንድ ስለሚያወርድም በትንሽ ጀልባ መውጣት ያሰጋል።

ለስላሳ ዊንተር ለዓሣው ይበጃል ብሎ ማሰብ

ለአጥማጁ ይበጃል፣ እጁ አይቆረፍድም። ለጫጩቱ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። ብርዳማና እርጥብ ዊንተር ተከትሎት ቀዝቃዛ፣ ውኃው የበዛ ጸደይ ሲመጣ ጫጩት ይበዛል፤ ሞቃትና ደረቅ ሲሆን ይመናመናል። ምክንያቱ የምግብ መገጣጠም ነው። እንቁላሉ በሁለት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ የዓሣው እጭ ከእንቁላሉ የያዘውን ስንቅ ሲጨርስ ደቃቅ የውኃ ነፍሳትን ወዲያው ማግኘት አለበት። ውኃው ቀድሞ ከሞቀ ነፍሳቱ ቀድመው ተባዝተው ያልፋሉ፣ ጫጩቱ ባዶ ገበታ ላይ ይደርሳል። እንቁላሉም ራሱ ወለሉ ላይ ወድቆ በደለል እንዳይታፈን የሚያንሳፍፈው ወራጅ ውኃ ይፈልጋል። ወቅቱ መሃል ድንገት ቅዝቃዜ ገብቶ ውኃው ከ54 በታች ከወረደ ደግሞ የተጣለው ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከዊንተሩ የሚወጣው ትንቢት ሁለት ነው፤ አንዱ ለመጪው ጸደይ የመግቢያ ቀን፣ ሌላው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚያዘው ብዛት። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ነው ሰውን የሚያሳስተው።

መንሄደን ካየሁ ስትራይፐር አለ

መንሄደን፣ ዳርቻው ላይ ባንከር የሚሉት ዘይታም ዓሣ፣ የስትራይፐር ዋና ምግብ ነው። የመንጋው መኖር ስትራይፐር የት ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል እንጂ ስንት እንዳለ አይናገርም። ምግብ ሞልቶ በላተኛ የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው። ወፎች ውኃውን ሲደበድቡ፣ መንጋው ተጨናንቆ ሲዘል ካዩ ያን ጊዜ ይወርውሩ፤ ዝም ብሎ የሚዞር መንጋ ላይ ግማሽ ቀን አያጥፉ።

የሜይን ዓሣ ለጁላይ ማስላት

እዚህ ላይ ‘ሜይ’ ማለታችን ወሩን ነው፣ ግዛቱን አይደለም። በሜይ ሃያዎቹ የተሳካለት ሰው ያንኑ ቦታ ለጁላይ ያስይዛል፣ ከዚያ ይናደዳል።

በጁላይ የቤዩ የላይኛው ውኃ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ስትራይፐር ደግሞ ቀዝቃዛውን ይፈልጋል። ቀዝቃዛው ከታች አለ፣ ነገር ግን ከታች ኦክስጅን የለም። ከእርሻና ከከተማ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌ ያበዛል፣ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች የሚወርድ ሰፊ ቦታ ይፈጠራል። ዓሣው ከላይ ሙቀት፣ ከታች መታፈን ሆኖበት መሃል ባለች ቀጭን ንጣፍ ይጨናነቃል። አንዳንዴ በዚህ ምክንያት አንድ ቦታ ተከማችቶ ይገኝና “በጋውም ጥሩ ነው” የሚል ሌላ የተሳሳተ ትንቢት ይወልዳል።

በዚህ ጊዜ የሚለቀቅ ዓሣ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ያንሳል። የሀብቱ ገምጋሚዎች በአጠቃላይ ከሚለቀቁት 9 በመቶው ይሞታል ብለው ያሰላሉ፤ በሙቅ ውኃ፣ ጨው ባነሰበት ውኃ፣ በሚሞቅ አየር ከዚያ ይብሳል። ሜሪላንድ በሰመር በየቀኑ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ምልክት የምታወጣው ለዚህ ነው። ቀይ ማለት የአየሩ ሙቀት 95 ዲግሪ ወይም በላይ ይሆናል ማለት ሲሆን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ስትራይፐር ማጥመድ አይመከርም (በአሜሪካው ሰዓት 10፡00)። የሰመር ዕቅድዎ በንጋት የሚጀምርና ቀይ ቀን ከሆነ ወደ ሌላ ዓሣ የሚዞር ይሁን። ፖቶማክ ውስጥ የተስፋፋው መጤው ብሉ ካትፊሽ፣ የአምባዛ ዘመድ፣ ሞልቷል፤ ቢያጠምዱት ወንዙን ይጠቅማሉ እንጂ አይጎዱም።

ግምቱን ወደ መሣሪያ አለመለወጥ

ቤዩ ውስጥ የሚጠበቀው ከ19 እስከ 24 ኢንች ከሆነ ክብደቱ በግምት ከ3 እስከ 6 ፓውንድ ነው። ለዚህ የውቅያኖስ ዳርቻ ባለ 10 ጫማ ዘንግ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ሰባት ጫማ መካከለኛ ዘንግ፣ ከ15 እስከ 20 ፓውንድ የሚችል የተጎነጎነ ክር፣ ጫፉ ላይ 20 ወይም 30 ፓውንድ የፍሎሮካርቦን ክር ይበቃል። ትልቁ ዘንግ ለዳርቻው ሞገድ ይቆይ።

ትል፣ ቁራጭ ዓሣ ወይም ሌላ የተፈጥሮ ምግብ ከሰኩ መንጠቆው ክብ (ሰርክል) መሆን አለበት፤ ከ2021 ጀምሮ ይህ በዳርቻው ግዛቶች ሁሉ ግዴታ ነው። ክቡ መንጠቆ ከንፈር ጥግ ላይ ስለሚይዝ ዓሣው ሆዱ አይወጋም። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ሲነካ በኃይል መንጠቁ ላይ ነው፤ ያኔ ከአፉ ሾልኮ ይወጣል። ዘንጉ ራሱ እስኪጎብጥ ጠብቀው ዝም ብለው ይጠቅልሉ።

በዓምናው ደንብ ማቀድ

ሜይ 2023 ላይ በአስቸኳይ ውሳኔ ዳርቻው ላይ የ31 ኢንች ጣሪያ መጣ፤ በ2024 ሜሪላንድ በሜይ መጀመሪያ ትልልቅ ዓሣ የሚያዝበትን ልዩ ወቅት ሰረዘች። ቀድመው ጀልባ የተከራዩ ሰዎች ትንቢታቸው ልክ ሆኖ ሳለ ቀናቸው ባከነ። በሜሪላንድ በ2024 እና በ2025 ዋናው ቤይ ላይ መያዝ የተፈቀደው ከሜይ 16 ጀምሮ ነበር። በጾም ወራት ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ለሁዳዴ ሮክፊሽ ከቤዩ አመጣለሁ ብለው እንዳይሞኙ፤ ፋሲካ በ2024 ሜይ 5፣ በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር፣ ሁለቱም ከመክፈቻው በፊት።

ሌላው የወሰን ጉዳይ ነው። ፖቶማክ አንድ ወንዝ ይምሰል እንጂ ሕጉ አንድ አይደለም። ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የከተማዋ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከከተማዋ በታች ያለው ዋና ወንዝ በፖቶማክ ወንዝ የዓሣ ኮሚሽን ይተዳደራል፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ቀን አላቸው። በውቅያኖስ ላይ ከዳርቻው ሦስት ማይል ካለፉ ደግሞ ስትራይፐር ማጥመድ ከ1990 ጀምሮ ክልክል ነው። ስለዚህ ለትንቢትዎ ቀን ሲቆርጡ የዚያን ውኃ ገዥ የዘንድሮ ማስታወቂያ ከራሱ ገጽ ያንብቡ፣ ከመውጣትዎ በፊት ባለው ምሽትም አንዴ ይድገሙት።

ርዝመቱን ሲለኩ አፉን ዘግተው፣ ጅራቱን ጨምቀው፣ ዓሣውን ጠፍጣፋ መለኪያ ላይ አስተኝተው በቀጥታ ይለኩ እንጂ ሜትሩን በሆዱ ላይ አያጥፉ። ጅራቱ ሲጨመቅ 24ን ካለፈ ይለቀቃል።

ሊረጋገጥ የማይችል ትንቢት

“ዘንድሮ ጥሩ ይሆናል” የሚል ሰው ዲሴምበር ላይ ሁልጊዜ ትክክል ነው። ትንቢት ከሆነ ቁጥር፣ ቦታና ቀን ይኑረው፦ “ከሜይ 16 እስከ 31 ሳንዲ ፖይንት ላይ፣ በአማካይ ለስድስት ሰዓት አንድ የሚያዝ ዓሣ”።

ለዚህ ተራ ደብተር ይበቃል። በየጉዞው ቀን፣ ቦታ፣ የውኃ ሙቀት፣ ማዕበሉ እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆኑን፣ የቆዩበትን ሰዓት፣ የያዙትን ዓሣ ሁሉ ርዝመት ይጻፉ፤ የለቀቁትንም። ባዶ እጅዎን የተመለሱበት ቀን ከሁሉ በፊት ይጻፍ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚረሳው እሱ ነው። ወቅቱ ሲዘጋ ጠቅላላ ሰዓቱን ለሚያዙት ዓሣዎች ብዛት ያካፍሉና ከጸደዩ ግምት አጠገብ ያስቀምጡት። ከ18 ኢንች በታች የነበሩትን ለብቻ ይቁጠሩ፤ የ2025 ልጆች ሲያድጉ መጀመሪያ የሚታዩት በዚያ ዓምድ ነው።